ሃምስተር በጎጃም ቤት፦ በወዳጆቹ እጅ እንዳይሞት

ሃምስተር በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ገበያ ከዶሮ ጎን ታስሮ የሚሸጥ እንስሳ አይደለም። ወደ ጎጃም ከገባም የሚገባው ከአዲስ አበባ በሚመጣ ዘመድ እጅ፣ ለልጅ ስጦታ ተብሎ ነው። ያን ዕለት ቤቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ልጆች ስም ሲያወጡ አያት «ድመት የምናሳድገው ለማን ሆነና ነው አይጥ በገንዘብ የሚገዛው?» ብለው ያማትባሉ። አያት ብዙም አልተሳሳቱም። እንስሳው ከአይጥ ወገን ነው፤ የዱር ዘመዱም የታወቀ የስንዴ ማሳ ሌባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 እስራኤል አሃሮኒ የተባለ የእንስሳት ተመራማሪ ሶርያ ውስጥ በሐለብ ከተማ አቅራቢያ የስንዴ ማሳ አስቆፍሮ፣ ከ2 ሜትር በላይ ከሚጠልቅ ጉድጓድ እናቲቱን ከነግልገሎቿ አወጣ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየቤቱ የሚኖሩት ወርቃማ ሃምስተሮች በአመዛኙ የእነዚያ ግልገሎች ዘር ናቸው።

ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ከዚያ ጉድጓድ የሚመነጭ ነው። ጉድጓዱ ጥልቅ፣ ጨለማ፣ ደረቅ፣ እህል የሞላበትና ለአንድ ነፍስ ብቻ የተቆፈረ ነበር። የእኛ ቤት ደግሞ ብርሃን፣ ጭስ፣ እንግዳና ጨዋታ የማያጣው ነው። ስለዚህ ሃምስተር በእኛ ዘንድ ክፉ ሰው አያስፈልገውም፤ የሚያዝንለት ሰው ብቻውን ሊገድለው ይበቃል። እያንዳንዱን እርምጃ ስታነቡ ይህን አስቡ።

1. ስጦታውን ከመቀበላችሁ በፊት

ሃምስተር የሚኖረው ከ2 እስከ 3 ዓመት ነው። ቀን ይተኛል፤ የሚነሳው ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ጀምሮ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ተኝቶ ያገኘዋል፣ እርሱ ሲነቃ ልጁ ይተኛል። ስለዚህ ኃላፊነቱን የሚወስድ አንድ አዋቂ ሰው ከወዲሁ በስም ይታወቅ። በቀን የሚጫወቱበት እንስሳ ከተፈለገ ጥንቸል ወይም ቡችላ ይሻላል፤ ይህን ለልጁ በግልጽ መንገር ነውር የለውም።

ቤታችሁ ድመት ካለችና በር የሚዘጋበት ሌላ ክፍል ከሌላችሁ ስጦታውን በምስጋና መልሱ። ነፍሰ ጡር ሴት ያለችበት ቤትም ቢያንስ እርሷ እንስሳውን እንዳትነካና ጉዝጓዙን እንዳታጸዳ መደረግ አለበት፤ የአይጥ ወገኖች ለፅንስ አደገኛ የሆነ ቫይረስ ሊያስተላልፉ ይችላሉና። ከውጭ አገር በሻንጣ ደብቄ ላምጣ የሚል ዘመድ ካለ አይበረታታ፤ ሕያው እንስሳ ወደ አገር ለማስገባት ፈቃድና የጤና የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል።

ከመረከባችሁ በፊት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። ወርቃማው (የሶርያው) ከ100 እስከ 150 ግራም ይመዝናል። ድንክ የሚባሉት ዓይነቶች ከ20 እስከ 50 ግራም ናቸው። የምትሠሩለት ቤትና የምትመግቡት ምግብ በዚህ ይለያያል።

2. መንገዱ

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ ያን ያህል አይከብደውም፤ የሚከብደው መሐል ላይ ያለው የዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ተወርዶ ወደ ደጀን እስኪወጣ ድረስ መኪናው ውስጥ ያለው ሙቀት ለዚህ እንስሳ ከአቅሙ በላይ ሊሆን ይችላል። በማለዳ ተነሡና በረሃውን ፀሐይ ሳትበረታ ተሻገሩት። ማጓጓዣው አየር የሚገባበት ጠንካራ ፕላስቲክ ይሁን፤ ካርቶን ከሆነ ደጀን ሳይደርስ ቀዶት ይወጣል። የውኃ ጠርሙስ በመኪና እየተንገጫገጨ ስለሚያፈስ በምትኩ የኪያር ቁራጭ ይቀመጥለት። ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ ከሞተር አጠገብና ፀሐይ ከሚያርፍበት መስኮት ይራቅ።

3. ቤቱን ማሠራት

ከእንስሳው ጋር የሚመጣው ባለ ቀለም ትንሽ ሳጥን ለጉዞ እንጂ ለኑሮ አይሆንም። ወለሉ ቢያንስ 100 በ50 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። እንዲህ ያለውን ቤት ከሱቅ መፈለግ ድካም ነው፤ ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ያለ የአልሙኒየምና መስታወት ሠራተኛ ልኩን ከነገራችሁት ይሠራዋል። ጎኖቹ መስታወት፣ ክዳኑ የሽቦ ወንፊት ይሁን። በብየዳ የምታሠሩት ከሆነ በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ለወርቃማው ከ1 ሴንቲ ሜትር፣ ለድንኩ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ጭንቅላቱ ከገባ ሌላው አካሉ ይከተላል። በእንጨት የሚሠራ ሰው ደግሞ የውስጥ ማዕዘኖቹን በላሜራ ይሸፍን፤ መቦርቦር የሚጀምረው ከማዕዘን ነው። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባ ሳጥን ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ባዶውን ይቀመጥ።

በእንጅባራ አካባቢ የሚሸጠው ቀርከሃ ለግድግዳ አይሆንም፤ ይበላዋል። ለዋሻ ግን ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ውስጡ 7 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ግንድ ምረጡ፣ በየአንጓው ያለውን መዝጊያ በብረት ብሱ፣ ስንጣሪውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና ጉዝጓዙ ውስጥ ግማሹን ቅበሩት። ሲሰለቸው ያኝከዋል፤ ማኘኩም ይጠቅመዋል፣ ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ማደግ አያቋርጥምና። ለመኝታ አፉ ሰፋ ያለ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በጎኑ ይጋደምለት። ሸክላ በሙቀት ጊዜ ቀዝቀዝ ይላል፣ አይታኘክም፣ ይታጠባል።

መሮጫ መንኮራኩር የግድ ነው። ይህ እንስሳ በዱር እህል ፍለጋ የሚሮጥ ነው፤ መሮጫ ካጣ የሽቦውን ዘንግ ሲያኝክ ያድራል። ለወርቃማው ዲያሜትሩ 28 ሴንቲ ሜትር ግድም፣ ለድንኩ 20 ይሁን። ጠባብ ከሆነ እየሮጠ ጀርባው ይቀለበሳል። በየገበያው ያለ ክብ የፕላስቲክ ሳፋ መሐሉ ተበስቶ በኩሽኔታ ላይ ሲታሰር ከተገዛው የተሻለ ይሆናል፤ ኩሽኔታው ያለ ድምፅ ስለሚሽከረከር የቤተሰቡም እንቅልፍ አይረበሽም። መሮጫው ድፍን ይሁን፤ ዘንግ ያለው መንኮራኩር እግር ይሰብራል።

አሁን የሚቀመጥበትን ስፍራ ምረጡ። ቡና የሚፈላበት ክፍል አይሆንም። የከሰሉ ጭስ፣ ዕጣኑና በርበሬ ሲታመስ የሚነሳው ትነት እኛን የሚያስነጥሰንን ያህል ቢሆን መልካም ነበር፤ ለእርሱ ግን ሳንባ የሚያቃጥል ነው። ኮርኒስ ከሌለው ቆርቆሮ በታችም አይቀመጥ። ከቴሌቪዥንም ይራቅ፤ እኛ የማንሰማውን ቀጭን ድምፅ ይሰማል።

ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጣችሁት የጠረጴዛውን አራት እግሮች ሳሙና የተቀላቀለበት ውኃ በያዙ ጣሳዎች ውስጥ አቁሙ። ይህን የምለው ስለ ጉንዳን ነው። በክረምት ጉንዳን ሲነሳ የታቀፈች ዶሮን ከነጫጩቷ እንደሚጨርስ የገጠር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ መስታወት ውስጥ ያለ ሃምስተር ደግሞ መሸሻ የለውም። እህል ባለበት ቤት አይጥ አይጠፋምና የአይጥ መርዝ የምትጠቀሙ ከሆነ እንስሳው ካለበት ክፍል አርቁት፤ ያመለጠ ዕለት መጀመሪያ የሚያገኘው እርሱን ነው።

4. ጉዝጓዙ

ቢያንስ 20፣ ከተቻለ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያስፈልጋል፤ መቆፈር ያልቻለ ሃምስተር እረፍት የለውም። ከአናጢ ቤት የሚገኘው ሰጋቱራ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በእኛ አካባቢ በአመዛኙ ባሕር ዛፍ ወይም ጽድ ነው። ሁለቱም ጠንካራ ሽታ ያለው ዘይት አላቸው። በሳጥን ተዘግቶ ሌት ተቀን ያንን የሚተነፍስ ትንሽ እንስሳ የመተንፈሻ አካሉ ይጎዳል። ስለዚህ ያልታተመበት ነጭ ወረቀት እየቀደዳችሁ ከንጹሕ የሣር ድርቆሽ ጋር አደባልቁ። የጤፍ ጭድ ለመጨመር ከፈለጋችሁ በወንፊት አንፍሱትና ብናኙን ካስወገዳችሁ በኋላ ይሁን። ለመኝታው ሽታ የሌለው ሶፍት ብቻ ይበቃዋል፤ ራሱ እየበጣጠሰ ያነጥፈዋል።

ከአያት እንዝርት የተረፈ ባዘቶ ግን በፍጹም አይሰጠው። ልጆች ለስላሳነቱን አይተው አልጋ ያደርጉለታል፤ ክሩ እግሩ ላይ ተጠምጥሞ ደም ያቆማል፣ ከዋጠውም አንጀቱን ይዘጋል።

በአንድ ጥግ የተነፋ፣ የታጠበና በአሮጌ ምጣድ ተቆልቶ የቀዘቀዘ የወንዝ አሸዋ በሳህን ይቀመጥለት። ገላውን የሚያጸዳው በዚህ ነው። በውኃ አይታጠብም፤ ለብ ባለ ውኃም ቢሆን። ብርድ ይመታዋል፣ የፀጉሩም ቅባት ይጠፋል።

5. ምግቡ

እዚህ ላይ ጎጃም ከብዙ አገር ይሻላል። ሌላው ዓለም በፓኬት የሚገዛው ድብልቅ እኛ ጋር ጎተራ ውስጥ አለ። ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ ዳጉሳና ማሽላ ዋናው ይሁን፤ በዚያ ላይ ትንሽ ተልባና ኑግ። የዱባ ፍሬና ሱፍ ስብ ስለሚበዛባቸው አንድ ሁለት ፍሬ ለማባበያ ብቻ ይሰጣል። ለወርቃማው በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃዋል፤ ለድንኩ ከዚያ በታች። በሳምንት ሁለት ጊዜ ያህል የሽምብራ ፍሬ የሚያህል የተቀቀለ እንቁላል ይጨመርለት። በጾም ወራት እንቁላል በማይገባበት ቤት ጨው ሳይነካው የተቀቀለ ምስር ይተካል፤ እንስሳውን ግን አብሮ ማስጾም አይገባም።

የእህሉ ችግር ሌላ ነው፤ መድኃኒቱ። በየጎተራውና በየነጋዴው መጋዘን ነቀዝን ለመከላከል ኪኒን ይጣላል፣ ማላታይን ይነሰነሳል። ኪኒኑ የሚያወጣው ጋዝ ሰውን እንኳ ይገድላል። ስለዚህ እህሉን ከምታውቁት ገበሬ፣ መድኃኒት ያልነካውን አስመርጣችሁ ግዙ፤ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ በሚገባ አድርቁት። ለዓመት የሚበቃው እህል ጥቂት ነውና ለዚህ የሚሆን ንጹሕ እህል ማግኘት አይከብድም።

ካሮት፣ ዝኩኒ፣ ኪያር በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ተቆርጠው ይሰጣሉ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶ፣ ጥሬ ባቄላ፣ ጥሬ ድንች፣ ጓያና ቸኮሌት ይከለከላሉ። የጎጃም ማር የቱንም ያህል ቢመሰገን ጉንጩ ውስጥ ያለው ከረጢት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ድንኮቹ ለስኳር በሽታ ስለሚጋለጡ ሙዝና ሌላ ጣፋጭ ነገር ይቅርባቸው።

ሳህኑ ባዶ ሲሆን «ርቦታል» ብሎ መጨመር የተለመደ ነው። አልራበውም፤ በጉንጩ ሞልቶ ጎተራው ውስጥ ከትቶታል። ከመጨመራችሁ በፊት ያከማቸውን ተመልከቱ፤ የረጠበውንና የሻገተውን አውጥታችሁ ደረቁን ተዉለት። ሁሉን ካነሳችሁበት እንደ ተዘረፈ ሰው ሌሊቱን ሲቅበዘበዝ ያድራል። ውኃው እናንተ የምትጠጡት ዓይነት ይሁን፤ በየቀኑ ይለወጥ።

6. መላመድ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ምግብና ውኃ ከመስጠት በቀር አትንኩት፤ ጎረቤትም ለማየት አይጠራ። ከዚያ በኋላ ማታ፣ ራሱ ሲነቃ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ መዳፋችሁ ላይ አንድ የሱፍ ፍሬ አስቀምጡና ሳትንቀሳቀሱ ጠብቁ። ወጥ የሸተተ እጅ ይነከሳል፤ ምግብ መስሎት ነው እንጂ ክፋት አይደለም። ከላይ አትያዙት፤ ከላይ የሚመጣ ነገር ለእርሱ ጭልፊት ነው። በሁለት እጅ ከሥር እፍስ አድርጋችሁ አንሡ፣ ሁልጊዜም ወለል ላይ ተቀምጣችሁ። ከቆመ ሰው እጅ መውደቅ አከርካሪውን ይሰብራል።

7. ጓደኛ አታምጡለት

«አንድ ነፍስ ብቻውን እንዴት ያድራል?» የሚለው ጥያቄ ከእኛ ልብ የማይጠፋ ነው። ወርቃማ ሃምስተር ከጥቂት ሳምንታት ዕድሜ በኋላ ሌላ ሃምስተር ካገኘ እስከ ሞት ይፋለማል። ወንድና ሴት ከሆኑ ደግሞ የወርቃማዋ እርግዝና 16 ቀን ያህል ብቻ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ግልገል ልትወልድ ትችላለች። ልጆች ሊያዩ ሲጎበኙ የደነገጠች እናት ግልገሎቿን ልትበላ ትችላለች። ይህን በዓይኑ ያየ ሕፃን ቶሎ አይረሳውም።

8. ሙቀትና ብርድ

የሚስማማው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ነው። ባሕር ዳር በሚያዝያና በግንቦት ከዚህ ያልፋል፤ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዚህ በታች ይወርዳል። ለባሕር ዳሩ፦ ቤቱን ወደ ወለል አውርዱ፣ በበረዶ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከመስታወቱ ውጭ አስጠጉ። ተዘርሮ በፍጥነት የሚተነፍስ ወይም ለሃጩ የሚወርድ ከሆነ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ውሰዱት፣ እግሩንና ጆሮውን እርጥብ ጨርቅ አስነኩት፤ በረዶ ውኃ ግን አይሆንም።

ለደብረ ማርቆሱ፦ ጉዝጓዙንና ሶፍቱን ጨምሩ፣ ሌሊት ሦስቱን ጎን በጋቢ ሸፍኑ፤ ክዳኑ ይተንፍስ። ከሰል አቀጣጥሎ አጠገቡ ማስቀመጥ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እርሱንም እናንተንም ይገድላል።

አንድ ነገር ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ብርዱ ሲበረታ፣ በተለይ ወደ 5 ዲግሪ ሲጠጋና ምግብ ሲያንሰው፣ ሃምስተር ሞት በሚመስል ረጅም የብርድ እንቅልፍ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ጠዋት ስትነኩት ሰውነቱ በርዷል፣ ተጠቅልሎ ዝም ብሏል፣ ትንፋሹ አይታይም። በዚህ ሁኔታ እያለ የሚቀበር ይኖራል። ከመቅበራችሁ በፊት መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ጎኑን በቀጥታ ብርሃን ተመልከቱ፤ በእንቅልፍ ላይ ከሆነ ረጅም ጊዜ ቆይቶ አንድ ጊዜ ይተነፍሳል፣ የጺሙ ጫፍ ይርገበገባል፣ እግሩን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉት መልሶ ይሰበስበዋል። የሞተ እንስሳ እየቆየ እንደ እንጨት ይደርቃል። ካልለያችሁ እንዳልሞተ ቁጠሩት። በእጃችሁና በደረታችሁ ሙቀት፣ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ አሙቁት፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። እሳት ዳር ማድረግ ወይም ሙቅ ውኃ ውስጥ መንከር ልቡን ያቆመዋል። ሲነቃ ውኃና ምግብ አቅርቡለት፤ ክፍሉንም ቀይሩ።

9. ሲታመም

ከሁሉ በላይ ይህን ያዙ፦ ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ አሞክሳሲሊን፣ ኤሪትሮማይሲንና ክሊንዳማይሲን ለሃምስተር መርዝ ናቸው። በአንጀቱ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ጠርገው ጎጂዎቹ እንዲነግሡ ያደርጋሉ፤ በጥቂት ቀናት ይሞታል። ለልጁ ጉሮሮ ከተገዛው ካፕሱል ላይ ጥቂት በጥብጦ መስጠት እንግዲህ ርኅራኄ አይደለም።

ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ስትሄዱ ባለሙያው ቀኑን ሙሉ በሬ፣ በግና በቅሎ ሲያክም የዋለ መሆኑን አስታውሱ። ፔኒሲሊን ያለበት መርፌ ለከብት የዘወትር መድኃኒት ነው፤ ለሃምስተር እንደማይሆን በአክብሮት ንገሩት። ክብደቱንም ይዛችሁ ሂዱ። የ300 ኪሎ በሬ ከ120 ግራም ሃምስተር 2,500 እጥፍ ይከብዳል፤ በግምት የሚለካ መድኃኒት እዚህ አይሠራም። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ካላችሁ በየሳምንቱ መዝኑት፤ ከሌላችሁ የወርቅ ሠሪ ሚዛን ይበቃል፣ ባለቤቱ ካልሳቀባችሁ። ሕመሙን ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ክብደቱ ነው፤ የሚታደን እንስሳ እስኪጠናበት ድረስ መታመሙን ይደብቃል።

ጅራቱ አካባቢ በተቅማጥ የራሰ፣ ያጎነበሰና ምግብ የተወ ሃምስተር፣ በተለይ ገና ከእናቱ የተለየ ግልገል ከሆነ፣ በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። «ነገ እናየዋለን» የሚባልበት ሕመም አይደለም፤ የዚያኑ ዕለት ይወሰድ።

10. ማጽዳት፣ መለየት

የሚሸናበትን ጥግ በየሁለት ሦስት ቀኑ አጽዱ። ጉዝጓዙን ግን በአንድ ጊዜ ሁሉንም አትለውጡ፤ ሽታው የቤቱ ምልክት ነውና ከአሮጌው ላይ አብዛኛውን እየተዋችሁ በከፊል ቀይሩ። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበቱ ስለሚበዛ ሻጋታን ቶሎ ቶሎ ፈትሹ።

ለበዓል ወደ ገጠር ስትሄዱ ለአንድ ሌሊት በቂ እህልና ውኃ አድርጎ መሄድ ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ቁልፉን ለሚጠነቀቅ ጎረቤት ስጡ፤ ድመት የሌለውን ጎረቤት ምረጡ።

ማሳደጉ ካልተቻላችሁም «ነፃ ይውጣ» ብላችሁ ማሳ ውስጥ አትልቀቁት። ብቻውን ከሆነ ጭልፊት ወይም ድመት ይበላዋል፤ ጥንድ ሆነው ከተረፉ ደግሞ የሚበሉት የገበሬውን ስንዴ ነው። ለሚያሳድገው ሰው ከነቤቱ፣ ከነመሮጫውና ከነጉዝጓዙ አስረክቡት፤ አዲስ ቤት ገብቶ የሚረጋጋው የራሱን ሽታ ሲያገኝ ነው።